ጃማይካ ውስጥ ከሪዞርት ወጥቶ መብላት፦ ከሰዓቱ እስከ ሂሳቡ

ሞንቴጎ ቤይ፣ ኦቾ ሪዮስ ወይም ኔግሪል ለእረፍት የሚሄድ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሳምንቱን ምግብ አስቀድሞ ከፍሎ ነው የሚደርሰው። የሪዞርቱ ቡፌ ከየአገሩ የመጣውን ሁሉ እንዳያስከፋ ቃሪያው ተቀንሶ፣ አጥንቱ ወጥቶ ይቀርባል። ደሴቲቱ የምትታወቅበት ምግብ ከአጥሩ ውጭ ነው ያለው፦ የመንገድ ዳር ኩክሾፕ (ትንሽ ምግብ ቤት)፣ ጄርክ ቤት (ተቀምሞ በጭስ የሚጠበስ ሥጋ የሚሸጥበት) እና የዓሣ አጥማጆች ዳርቻ። እዚያ ሄዶ በልቶ ለመርካት ሦስት ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል። ምግቡ በስንት ሰዓት ያልቃል? ዋጋው በየትኛው ዶላር ነው? ድስቱ ውስጥ ምን ገብቷል? ሦስተኛው ጥያቄ የአሳማ ሥጋ ለማይበላ፣ ሽሪምፕና ሎብስተር ለማይነካ፣ ወይም ጾም ላይ ላለ ኢትዮጵያዊ ከሁሉም ይበልጣል። ጃማይካ ደግሞ ለጿሚ ከብዙ የካሪቢያን ደሴቶች የተሻለች ናት፤ ምክንያቱን ከታች እንመለስበታለን።

1. ገንዘቡን አስተካክሉ

የጃማይካም ገንዘብ ዶላር ይባላል፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ155 እስከ 160 በሚደርስ የጃማይካ ዶላር ሲመነዘር ቆይቷል። ሜኑ ላይ 22 የሚል ቁጥር ካያችሁ የአሜሪካ ነው፣ 2,800 የሚል ከሆነ የጃማይካ ነው። በአፍ የተነገረ ዋጋ ግን አይለይም፤ ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት «ጃማይካን ኦር ዩ ኤስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አይቀየምም።

በቱሪስት ከተሞች የአሜሪካ ዶላር ይቀበሏችኋል፤ ምንዛሪውን የሚወስነው ግን ቤቱ ነው። የ3,200 የጃማይካ ዶላር ሂሳብ በ158 ቢሰላ 20 ዶላር ከሩብ ገደማ ነው፤ ቤቱ በ140 ካሰላው ወደ 23 ዶላር ይጠጋል። በሳምንት ውስጥ ይህ ልዩነት የአንድ ጥሩ እራት ዋጋ ይሆናል። በባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ካለ ኤቲኤም የጃማይካ ዶላር አውጡ። በቱሪስት አካባቢ አንዳንዱ ማሽን ሁለቱንም ገንዘብ ስለሚሰጥ የምትመርጡትን አስተውሉ። ማሽኑም ሆነ የካርድ መክፈያው «በአገርህ ገንዘብ ላስላልህ?» ካለ እምቢ በሉና በጃማይካ ዶላር ይሁን በሉ።

5,000 እና 2,000 ኖት ይዞ ኩክሾፕ መግባት ራስንም ሻጩንም ማስቸገር ነው፤ በተለይ ጠዋት መልስ አይገኝም። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ውሃ ግዙና በ500 እና በ1,000 አዘርዝሩት።

ግምት እንዲኖራችሁ ያህል፦ አንድ ፓቲ (ሥጋ ወይም አትክልት በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር) ከ250 እስከ 450፣ የኩክሾፕ ምሳ ከ700 እስከ 1,200 የጃማይካ ዶላር አካባቢ ነው። የበሬ ጭራ ወጥ ከዚህ በደንብ ይወደዳል። ባሕሩን የሚያይ የቱሪስት ሬስቶራንት አንድ ዋና ምግብ ብዙ ጊዜ በአሜሪካ ገንዘብ ከ25 ዶላር በላይ ነው።

2. በሰዓቱ ድረሱ

ኩክሾፕ ማለት ጠዋት በትልልቅ ድስት አብስሎ ያ እስኪያልቅ የሚሸጥ ቤት ነው። በትዕዛዝ እየተሠራ የሚወጣ ነገር ጥቂት ነው። ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ምሳ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይሸጣል (በራቸው ላይ የምታዩት 7፣ 10 እና 11፡30 ተብሎ ነው)። የበሬ ጭራ ብዙ ጊዜ 7 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ የሚቀረው የተጠበሰ ዶሮ ነው። ከባሕር ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ 9 ሰዓት ላይ ምሳ ፍለጋ የሚወጣ እንግዳ ባዶ ድስት ያገኛል፤ ከዚያም «ምግብ የለም» ብሎ ወደ ሪዞርቱ ይመለሳል። የባሕር ዋናችሁን ከሰዓት በኋላ አድርጉት።

ቀኑም የራሱ ልማድ አለው። ቅዳሜ የሾርባ ቀን ነው፦ የቀይ ባቄላ ሾርባ፣ የዶሮ እግር ሾርባ፣ ከፍየል ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ የሚሠራው «ማኒሽ ዋተር»። አርብና ቅዳሜ ማታ የነዳጅ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የሚጠበስበት ፓን ቺክን በየመንገዱ ዳር ይጨሳል፤ ኪንግስተን ውስጥ ሬድ ሂልስ ሮድ በዚህ የታወቀ ነው። እሑድ ራይስ ኤንድ ፒስ (ሩዝ ከባቄላ ጋር) የሚበላበት የቤተሰብ ቀን ስለሆነ ብዙ ኩክሾፕ ይዘጋል። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት የሆኑ ባለቤቶች ደግሞ ቅዳሜ አይከፍቱም። ለእሑድ ጄርክ ቤት ወይም የዓሣ ዳርቻ ያዙ።

የአውሎ ነፋስ ወቅት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰኔ 1 እስከ ህዳር 30 ነው። ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 28፣ 2025) ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን ደቡብ ምዕራብ ክፉኛ ጎድቷል። ወደ ሴንት ኤልዛቤትና ዌስትሞርላንድ አካባቢ ለመብላት ብቻ ሁለት ሰዓት ከመንዳታችሁ በፊት ቤቱ መከፈቱን ደውላችሁ አረጋግጡ። የቆየ የኢንተርኔት አስተያየት በዚህ ጉዳይ አይታመንም።

3. መጓጓዣ

ፈቃድ ያለው ታክሲ ቀይ ታርጋ አለው። ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ፤ «ለመኪናው ነው ወይስ በሰው?» የሚለውን ጨምሩበት፣ አራት ሆናችሁ ስትወርዱ ሒሳቡ በአራት እንዳይባዛ። መኪና የሚሄደው በግራ ነው፤ መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። የወታደር ዥጉርጉር ልብስ ለሲቪል በሕግ የተከለከለ ነውና ለልጅም ቢሆን አታልብሱ።

4. ሰላምታና የቃላት ወጥመድ

ጃማይካ ውስጥ ሱቅ ገብቶ በቀጥታ «ምን አላችሁ?» ማለት እንደ ብልግና ይቆጠራል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አገር ቤትም ሰው ቤት ተገብቶ ሰላም ሳይባል ጉዳይ አይነሳም። ስትገቡ ተሰልፈው ላሉትም ጭምር «ጉድ ሞርኒንግ» ወይም «ጉድ አፍተርኑን» በሉ። ሲመሽ «ጉድ ናይት» የመግቢያ ሰላምታ ነው፤ ሲሏችሁ እያሰናበቷችሁ እንዳይመስላችሁ።

እንግሊዝኛ የሚችል ሰው እንኳ የሚሳሳትባቸው ቃላት አሉ። «ፒስ» ባቄላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀዩ፤ «ጋንጎ ፒስ» የርግብ አተር ነው። «ፔር» አቮካዶ ነው። «አይሪሽ» ድንች፣ «ኮኮ» ደግሞ የጎደሬ ዘመድ የሆነ ሥር ነው። «መትን» ሲሉ ፍየል ማለታቸው ነው። «ቲ» ማንኛውም ትኩስ የሚጠጣ ነገር ስለሆነ «ፊሽ ቲ» የዓሣ መረቅ ነው። «ፔፐር» ቁንዶ በርበሬ አይደለም፤ ስኮች ቦኔት የሚባለው የሚያቃጥል ቃሪያ ነው። ከሁሉም የሚያደናግረው «ፉድ» ነው፦ ከሩዝ ይልቅ የተቀቀለ ያም (የቦዬ ዓይነት ሥር)፣ ጥሬ ሙዝና የሊጥ ድቡልቡል ማለት ነው። «ራይስ ኦር ፉድ?» ብለው ሲጠይቋችሁ ሁለቱ ምግብ አይደሉም ወይ ብላችሁ አትደናገጡ።

5. ኩክሾፕ ውስጥ ማዘዝ

ጥቁር ሰሌዳውን አንብቡ፣ ከዚያ ምን እንደቀረ ጠይቁ። ሰሌዳው ጠዋት የተጻፈ ነው፣ ያለቀው ሁልጊዜ አይሰረዝም። ወጡን ምረጡ፣ ቀጥሎ ሩዝ ወይስ ፉድ የሚለውን፣ ከዚያ «ስሞል» ወይም «ላርጅ» በሉ። ስሞሉ ለአንድ ሰው በቂ ነው፤ ላርጅ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ ያጠግባል። ሰልፉ ሲረዝም እነዚህን በአንድ ትንፋሽ መናገር ይጠበቅባችኋል፤ መስኮቱ ጋ ደርሳችሁ መማከር አትጀምሩ።

ካልተናገራችሁ የሩዙ ላይ መረቅ ይፈሳል። መረቁ ብዙ ጊዜ የበሬ ጭራው ወይም የፍየሉ ነው፤ ዓሣ ያዘዘም አትክልት ያዘዘም ሰው ሩዙ ላይ የሥጋ መረቅ ያገኛል። «ኖ ግሬቪ» የምትለዋን አስቀድሙ። መጨረሻ ላይ ካላችኋት ክዳኑ ተዘግቷል።

ከወጦቹ ለኢትዮጵያዊ ምላስ በጣም የሚቀርበው ከሪ ጎት ነው። ፍየሉ ከነአጥንቱ ስለሚከተፍ ስብርባሪ አጥንት አለው፤ ለልጆች አስቀድማችሁ ልቀሙላቸው። ብራውን ስቱ ቺክን ቡናማ ቀለሙን የሚያገኘው ከተቃጠለ ስኳር ነው፣ አያቃጥልም። ሩዙና ሾርባው ውስጥ ስኮች ቦኔት ሳይፈነዳ በሙሉ ይገባል፤ ዓላማው መዓዛው እንጂ ቃጠሎው አይደለም። ሳህናችሁ ላይ ያ ትንሽ ፋኖስ የመሰለ ፍሬ ከወጣ ወደ ጎን አድርጉት። ሚጥሚጣ የለመደ ሰው «ምን ያመጣል» ብሎ ይነክሰውና የቀረውን ምግብ ሳያጣጥም ይነሳል።

ቁርስ ላይ ከደረሳችሁ አኪ ኤንድ ሶልትፊሽ ያዙ፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ ነው። ቢጫና ለስላሳ ስለሆነ የእንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ግን ፍሬ ነው፣ አብሮት የተከተፈው በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። አኪን ከገበያ በጥሬው ገዝታችሁ ራሳችሁ ለማብሰል አትሞክሩ። ቅርፊቱ ዛፉ ላይ እያለ በራሱ ካልተከፈተ ፍሬው ውስጥ ሃይፖግላይሲን የሚባል መርዝ አለ፤ የደም ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል፣ ኃይለኛ ትውከት ያመጣል። ጥቁሩ ዘርና ከዘሩ ጋር የተያያዘው ቀይ ስስ ሽፋን ደግሞ በበሰለውም ቢሆን መውጣት አለባቸው። ኩክሾፑ ይህን በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ለእሱ ተዉለት።

6. ጄርክ

ጄርክ የተነሳው ከባርነት ያመለጡት ማሩኖች በብሉ ማውንቴንስ ተራሮች የዱር አሳማ አድነው ሥጋውን ቀምመውና አጭሰው ካቆዩበት ዘዴ ነው። ለዚህም ነው አሳማው እስከ ዛሬ የጄርክ ቤቶች ዋና ዕቃ የሆነው። በፖርትላንድ ያለችው ቦስተን ቤይ የጄርክ አገር ተብላ ትጠራለች።

ጥሩ ጄርክ ቤትን ከጭሱ ትለዩታላችሁ። ሥጋው የሚጋደመው በፒሜንቶ እንጨት ላይ ነው፤ ፍሬው ቁንዶ በርበሬ የሚመስል፣ መዓዛው ቅርንፉድና ቀረፋ የሚያስታውስ ዛፍ ነው። ከሥር ፍም አለ፣ ከላይ ቆርቆሮ ተከድኖ ጭሱን ያፍነዋል። ቅመሙ የፒሜንቶ ፍሬ፣ ስኮች ቦኔት፣ ጦስኝ፣ ቅጠል ሽንኩርትና ዝንጅብል ነው። በከሰል ብቻ የተጠበሰው የመንገድ ዳሩ ፓን ቺክን የሚጣፍጥ ቢሆንም ያ ጭስ የለውም፤ ለቦታው አዲስ የሆነ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይወስዳል።

የሚሸጠው በክብደት ወይም በክፍል ነው። አንድ ፓውንድ 454 ግራም ነው፤ አጥንት ስላለበት ለአንድ ሰው ግማሽ ፓውንድ ሥጋ ወይም የዶሮ ሩብ በቂ ነው። ለሁለት ሰው ግማሽ ዶሮ፣ ሁለት ፌስቲቫል (ከበቆሎና ከስንዴ ዱቄት የሚጠበስ ጣፈጥ ያለ ሊጥ) እና አንድ ቁራጭ የተጠበሰ ብሬድፍሩት (እንደ ድንች የሚበላ ትልቅ የዛፍ ፍሬ) ያዙ። የቃሪያውን ስልስ በጎን አስቀርቡ፤ አንዴ ላዩ ላይ ከፈሰሰ አይመለስም።

አሳማ የማትበሉ ከሆነ ችግሩ ዶሮው ላይ ሳይሆን ጣውላው ላይ ነው። አብዛኛው ቤት አሳማውንም ዶሮውንም በአንድ መክተፊያ፣ በአንድ ገጀራ ይከትፋል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው፣ የዶሮውን ሩብ ሳይከተፍ በሙሉ እንዲሰጧችሁ መጠየቅ ነው፦ «ዶንት ቾፕ ኢት፣ ፕሊስ»። ሁለተኛው፣ አሳማ ጨርሶ የማይሸጥ ቤት መምረጥ ነው፤ ፓን ቺክን ሻጮች ብዙዎቹ ዶሮ ብቻ ነው የሚሠሩት። ዶሮውን ስትቀበሉ ጭኑ ከአጥንቱ አጠገብ ቀይ ፈሳሽ ካለው ወደ እሳቱ እንዲመለስ ጠይቁ። በሰልፍ ሰዓት በችኮላ የሚወጣው ላይ ይህ ያጋጥማል። ሊዘጉ ሲሉ የሚሸጠው ደግሞ ደርቆ ይጠብቃችኋል።

7. ዓሣ በዳርቻ

ሂደቱ ይህ ነው፦ ማቀዝቀዣው ጋ ሄዳችሁ ዓሣውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ፊት ለፊታችሁ ይመዘናል፣ አሠራሩን ትነግራላችሁ፣ ከዚያ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከኪንግስተን በስተምዕራብ ያለችው ሄልሻየር በዚህ የታወቀች ናት፤ ባሕሩ የአሸዋውን ዳርቻ እየበላው ቢሆንም የዓሣ ቤቶቹ ስም አልጠፋም።

ዓይኑ ጥርት ያለና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫን የሚመለስ፣ ሽታው የባሕር የሆነውን ምረጡ። ጭንቅላትና አጥንት ብዙ ስለሚወስዱ ለአንድ ሰው ከአንድ ፓውንድ እስከ አንድ ተኩል የሚመዝን ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል። አስተናጋጁ ባለ ሦስት ፓውንዱን ከፍ አድርጎ ቢያሳያችሁ፣ ለሁለት እንደምትካፈሉት ካልወሰናችሁ በስተቀር አትቀበሉ። ሂሳብ ላይ የሚያስደነግጠው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከመጠበሱ በፊት አራት ነገር ይታወቅ፦ የፓውንዱ ዋጋ፣ ክብደቱ፣ ማብሰያው ተጨምሮበታል ወይ፣ ባሚ (የካሳቫ ቂጣ) እና ፌስቲቫል ከዋጋው ውስጥ ናቸው ወይ። ሳታዙት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ፌስቲቫል ብዙ ጊዜ ይቆጠራል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ኤስኮቪች ማለት ዓሣው ተጠብሶ ኮምጣጤ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮትና ስኮች ቦኔት የሚፈስበት ነው፤ ከባሚ ጋር ይበላል። ስቲም ፊሽ በባሚያና በካሮት ታፍኖ የሚበስል ለስላሳ ምግብ ስለሆነ ለልጅና ለአረጋዊ ይስማማል፤ ቅቤ ግን አይቀርበትም። ሮስት ፊሽ ደግሞ ሆዱ በካላሉ (በጎመን ዓይነት ቅጠል) ተሞልቶ በፎይል የሚጠበሰው ነው። መምረጥ ካቃታችሁ ቀይ ስናፐር በኤስኮቪች ያዙ፣ አያሳፍርም።

ባራኩዳ አትብሉ። ትልልቅ የኮራል ዓሣ አዳኞች ሲጓቴራ የሚባል መርዝ በሥጋቸው ያጠራቅማሉ፤ መርዙ በማብሰልም በማቀዝቀዝም አይጠፋም፣ ሽታም ጣዕምም የለውም። ሎብስተር ለሚበላ ደግሞ፣ በየዓመቱ ከኤፕሪል 1 እስከ ጁን 30 (ከመጋቢት 23 እስከ ሰኔ 23) ማጥመድ የተከለከለ ነው። በዚያ ወቅት «ዛሬ ጠዋት የወጣ» የሚላችሁ ሰው ወይ ሕግ ጥሷል ወይ የቆየ ነው፤ ሁለቱም አይገዛም።

8. ጾም፣ አሳማ እና ኢታል

እዚህ ላይ ነው ጃማይካ ለእኛ ከሌሎቹ የምትለየው። ራስታዎች ኢታል የሚሉት አመጋገብ አላቸው፤ ቃሉ «ቫይታል» ከሚለው የወጣ ነው። ሥጋ የለውም፣ ወተትና እንቁላል የለውም፣ ብዙዎቹ ጨውም ሆነ የታሸገ ነገር አይጨምሩም። ዱባ፣ ጋንጎ ፒስ፣ ካላሉ፣ ያም፣ ባሚያ በኮኮናት ወተትና በጦስኝ ይበስላል፤ «ስፒነር» የሚባል ቀጭን የሊጥ ጥቅልል ይገባበታል፣ አንዳንዴም በቅል ይቀርባል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ በር ላይ «ኢታል» የሚል ካያችሁ የጾም ምግባችሁን አገኛችሁ ማለት ነው። ሁለት ነገር ግን አጣሩ። አንዳንድ ራስታ ትንንሽ ዓሣ ይበላል፣ ስለዚህ «ኤኒ ፊሽ ኢን ኢት?» በሉ። ቤቶቹ ትንንሽ ስለሆኑም አንድ ድስት ነው የሚሠሩት፤ ከ7 ሰዓት በፊት ሂዱ። ጨው ጎድሎበት ካገኛችሁት ሎሚና ቃሪያ ጠይቁ፤ ጨው አምጡ ማለት የአሠራሩን መሠረት መንካት ነው።

ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ሲያውቁ ወሬው ወደ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መሄዱ አይቀርም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን የገቡበትን ቀን ራስታዎች በየዓመቱ ያከብሩታል። ለእነሱ ጉዳዩ ሃይማኖት ነው፤ ምግባቸውን እየበላችሁ ፖለቲካ አንስታችሁ አትከራከሩ። ስለ አገሩ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ሽሮ ብትነግሯቸው ደስ ብሏቸው ይሰማሉ፤ ብዙ ጊዜም ሳህናችሁ ይደገማል።

ኢታል ቤት ከሌለ በተራው ቤት ጾምን መያዝ ይቻላል፣ በጥያቄ። አስተናጋጁ «ቬጀቴሪያን ነው» ቢላችሁ አይበቃም፤ ሥጋው ሳይታይ ገብቶ የሚበስልባቸው ምግቦች አሉ። ስቱ ፒስ የባቄላ ወጥ ቢመስልም በጨው የቆየ የአሳማ ጭራ ወይም የበሬ ሥጋ አለበት። ፔፐርፖት የሚባለው አረንጓዴ የካላሉ ሾርባም እንዲሁ። ራይስ ኤንድ ፒስ በኮኮናት ወተት ነው የሚበስለው፤ ግን አንዳንዱ ቤት የጨው ሥጋ፣ ሌላው ቅቤ ወይም ማርጋሪን ይጨምርበታል። ካላሉና ጥቅል ጎመን ውስጥ ሶልትፊሽ ሊኖር ይችላል። የአትክልት ፓቲ ሊጡ በምን ስብ እንደተሠራ ጠይቁ፣ ጥንታዊው አሠራር የበሬ ሞራ ነው። ኮኮ ብሬድ ስሙ ኮኮናት ቢያስመስለውም ወተትና ቅቤ ያለበት ዳቦ ነው። የምትጠይቁት አረፍተ ነገር አጭር ይሁን፦ «ኖ ፒግቴይል፣ ኖ ሶልት ሚት፣ ኖ በተር?»

ያለ ብዙ ጥያቄ የሚበሉት እነዚህ ናቸው፦ ያለ ሶልትፊሽ የተሠራ አኪ፣ የተቀቀለ ጥሬ ሙዝና ያም፣ የተጠበሰ ብሬድፍሩት፣ ባሚ፣ አቮካዶ። ያም ለደቡብ ሰው ቦዬ ነው። ማንቸስተር ውስጥ በሜልሮዝ ሂል መንገድ ዳር በፍም የተጠበሰ ቢጫ ያም ይሸጣል፤ ልጠው ቅቤ ስለሚቀቡት «ኖ በተር» ቢላዋው ከመነሳቱ በፊት በሉ። ለቁርስ የሚሸጠው የበቆሎ ወይም የኦቾሎኒ ገንፎ ላይ የጣሳ ወተት ይገባበታል፣ ለጾም አይሆንም።

ሽሪምፕ የማይበላ ሰው ደግሞ «ጃንጋ» የወንዝ ሽሪምፕ፣ «ኮንክ» የባሕር ቀንድ አውጣ መሆኑን ይወቅ። የባሕር ሾርባና ፊሽ ቲ ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ። ለሙስሊም አንባቢዎች ቀላሉ መንገድ ኢታልና የተመረጠ ዓሣ ነው፤ ዘይቱ አሳማ የተጠበሰበት አለመሆኑን መጠየቅ አይቅር።

9. የሚጠጣ

የለጋ ኮኮናት ውሃ «ጄሊ» ይባላል፤ ፊት ለፊታችሁ ተቆርጦ ይሰጣችኋል፣ ከጠጣችሁ በኋላ ለሁለት አስከፍሉትና ለስላሳውን ብሉት። በገና ሰሞን የሚቀርበው ሶረል የእኛው ከርከዴ ነው፣ በዝንጅብል የተፈላ፤ ሩም ስለሚጨመርበት የማትጠጡ ከሆነ «ኖ ረም» በሉ። ኦቨርፕሩፍ የሚባለው ነጭ ሩም 63 በመቶ አልኮል ነው፤ በረም ፓንች ውስጥ ጭማቂው ስለሚሸፍነው ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ አቁሙ። የብሉ ማውንቴን ቡና ሬስቶራንት ውስጥ ስታዙ «መቶ በመቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ብሌንድ» ከሆነ አብዛኛው ሌላ ቡና ነው። ኪንግስተን ከሆናችሁ በ1881 (እ.ኤ.አ.) በተሠራው በዴቨን ሃውስ ግቢ የሚሸጠው አይስክሬም ልጆችን ያስደስታል።

10. ሂሳቡ

ሬስቶራንት ውስጥ ሂሳቡ ሲመጣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት መስመር ፈልጉ። አንዱ ጂ ሲ ቲ የሚባለው የፍጆታ ግብር ነው፤ መደበኛው መጠን 15 በመቶ ነው። ሌላው የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ። ሜኑ ላይ 6,000 የሆነ ምግብ 900 ግብርና 600 አገልግሎት ተጨምሮበት 7,500 ይሆናል። ሜኑው ሥር «ፕላስ ታክስ» የሚል ጥቃቅን ጽሑፍ ካለ ይህ ይጠብቃችኋል። የአገልግሎት ክፍያ ከገባ ተጨማሪ ቲፕ አይጠበቅም፤ በጣም ካስደሰቷችሁ ትንሽ በጥሬው ለአስተናጋጁ በእጁ ስጡ። ካልገባ ከ10 እስከ 15 በመቶ ተዉ። የካርድ መክፈያው ቲፕ ጨምር የሚል ገጽ ሲያመጣ የታተመውን ሂሳብ ተመልከቱ፤ ሁለቴ የሚከፍሉት ያላዩት ናቸው። ኩክሾፕ ቲፕ የለም፤ ጄርክ ቤት መልሱን የቲፕ ማሰሮው ውስጥ መጣል በቂ ነው።

ኦል ኢንክሉሲቭ (ምግቡ አስቀድሞ የተከፈለበት) ሪዞርት ላይ ያላችሁ፣ የግቢው የማታ ሬስቶራንቶች ቦታ ማስያዝ ይፈልጋሉ፤ በደረሳችሁበት ቀን አስይዙ። ለወንድ ረጅም ሱሪና የተዘጋ ጫማ የሚጠይቁ አሉ፣ በነጠላ ጫማ ከበር የሚመለስ እንግዳ በየማታው ይታያል።

ማታ ከሬስቶራንት ስትወጡ መንገድ ላይ ታክሲ አትፈልጉ። ሂሳቡን እንደጠየቃችሁ አስተናጋጁ የሚያውቀውን ሹፌር እንዲጠራላችሁ ንገሩት፣ ዋጋውንም እዚያው በእሱ በኩል ቁረጡ። የተረፈውን ምግብ አስጠቅልሉና ይዛችሁ ሂዱ፤ ሪዞርት ክፍል ውስጥ ማቀዝቀዣ ከሌለ ግን ዓሣውን ለነገ አታሳድሩት።